ለዘመመ ወለል የተሠራ ወንበር

እናቷ የት ይቀመጡ ይሆን?

ሐመልማል ይህን ጥያቄ ይዛ ባዶው ሳሎን መካከል ቆማለች። አሰላ ያለው የወላጆቿ ቤት፣ አባቷ መምህር ሀብተ ማርያም ካረፉ ወዲህ ሦስት ዓመት ተዘግቶ ከርሟል። እናቷ ወይዘሮ ተሻለች አዲስ አበባ፣ ታላቅ ወንድሟ ወንደሰን ዘንድ ናቸው። ወንደሰን ለቤቱ ገዢ አግኝቷል። እሷ ደግሞ ከሰባት ዓመት የአንካራ ትምህርት በኋላ ተመልሳ፣ "እማዬ ከእኔ ጋር እዚሁ ትኑር፣ ቤቱም አይሸጥ" ብላ ድርቅ አለች። የልጆቻቸውን ክርክር ሲያዳምጡ የሰነበቱት ወይዘሮ ተሻለች በመጨረሻ ቁርጡን ተናገሩ።

"ሄጄ ልየው። ከተስማማኝ እቀራለሁ፤ ካልተስማማኝ ሽጡት።"

የሚመጡበት ቀን ቅዳሜ ተባለ። አሥር ቀን ይቀረዋል።

የእናትየዋ ነገር ጉልበታቸው ነው። የወንደሰን ሶፋ ጥልቅና ለስላሳ ነው፤ አንዴ ከዋጣቸው ሁለት ሰው ካልጎተተ አይተፋቸውም። ሐመልማል ልትጠይቃቸው የሄደች ዕለት ውኃ ጠምቷቸው፣ ማሰሮው ሦስት እርምጃ ርቆ ተቀምጦ፣ ሰው እስኪመጣ ሲጠብቁ አገኘቻቸው።

"ተነሺ ሲሉኝ ነው የምነሣው" አሏት እየሣቁ። እሷ መሣቅ አቃታት።

አንካራ ሳለች በሰባት ዓመት ዘጠኝ ቤት ቀይራለች፤ የእኔ የምትለው አንድ ወንበር እንኳ ኖሯት አያውቅም። አሁን ለሌላ ሰው ጉልበት የሚስማማ ዕቃ ምረጪ ስትባል፣ ጠዋት የወሰነችውን ከሰዓት ታፈርስ ጀመር።

መጀመሪያ ወደ ሳምራ ሱቅ ሄደች። ሳምራ በገበያው መንገድ አዳዲስ ሶፋ የምትሸጥ፣ ምላሷ የማያርፍ የስልጤ ልጅ ናት።

"ከቱርክ መጥተሽ የቱርክ ሶፋ ሳይኖርሽ? ሰው ምን ይልሻል?"

"እውነት የቱርክ ነው?"

"ጨርቁ። እንጨቱ የአዳማ ነው። ምን ይደረግ፣ አንቺም እኮ የአሰላ ነሽ።"

ሐመልማል ተቀመጠች። ከዚያ እጆቿን አጣጥፋ ሳትደገፍ ልትነሣ ሞከረች። የሠላሳ ዓመት ጉልበቷ እንኳ አንገራገረባት።

"ያምራል። ግን እናቴን ይውጥብኛል።"

"እንዲያ ከሆነ መኝታ ቤቱ ይሻልሻል" አለች ሳምራ፤ "ፍራሽ ማንንም ውጦ አያውቅም።"

በማግስቱ ጓዳውን ስትፈትሽ ከባዶ ጆንያዎች ሥር የጽድ ወንበር አገኘች። የጀርባና የክንድ መደገፊያ ያለው ነው፤ እናቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ጥልፍ ሲጠልፉበት የኖሩት። ወደ በረንዳ አውጥታ፣ አቧራውን ጠርጋ ተቀመጠችበት። ወደ ኋላ ሊጥላት ሆነ። ብትለካው የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ በሁለት ጣት ይረዝማሉ።

"የድሮ አናጢ" አለች በልቧ። በባጃጅ ጭና ወደ አንድ እንጨት ቤት ወሰደችውና የፊቶቹን አስቆርጣ እኩል አደረገቻቸው። በእንጨት ቤቱ ለጥ ያለ ሲሚንቶ ላይ ወንበሩ ወታደር ሆኖ ቆመ።

ቤት አምጥታ መስኮቱ ሥር ብታኖረው ግን ወደ ፊት ገፈተራት። ብታዞረው ወደ ጎን አዘመማት። ስልኳን አውጥታ ለወንደሰን፣ "ምናልባት አንተ ልክ ሳትሆን አትቀርም" ብላ ጀመረች። አጠፋችው። ደግማ ጻፈችው፤ ደግማ አጠፋችው።

በነጋታው በአቅራቢያዋ ከተማ በሳጉሬ የገበያ ቀን ነበርና ምናልባት እዚያ ዝቅ ባለ ዋጋ ሌላ ወንበር ባገኝ ብላ በሚኒባስ ሄደች። ወንበር የለም። አንዲት ገብስ የሚሸጡ እናት ግን ከአንድ የዋንዛ ግንድ የተፈለፈለ፣ መቀመጫው በዘመን ብዛት የተወለወለ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

"እናቴ፣ ስንት ነው?"

"ገብሱ?"

"በርጩማው።"

"ሂን ጉርጉሩ፣ አይሸጥም። የአያቴ ነው። እኔስ በምን ልቀመጥ?"

ሐመልማል ከአጠገቡ ሱቅ መደገፊያ ያለው አዲስ የፕላስቲክ ወንበር ገዝታ አመጣች። ሴትዮዋ በአንድ ጣት አነሡት፣ ተቀመጡበት፣ ጀርባቸውን አስደገፉ።

"ይሄስ ለአህያዬም አይከብዳት" ብለው በርጩማውን በእግራቸው ወደ እሷ ገፉት። "ውሰጂ። አያቴ ትቆጣ እንደሆን አንቺን ትቆጣ።"

ለምን እንደወሰደችው ራሷም አታውቅም። ቤት ገብታ የጽዱን ወንበር እንደገና ገለበጠችው፤ ከመቀመጫው ሥር በእርሳስ ተጽፏል፦ "ለመስኮቱ ሥር። ሙህዲን።"

"አያቴ ነዋ" አለች ሳምራ ስትጠየቅ። "ሥራ ካቆመ ቆይቷል። የእሱን ሥራ ነክተሽ ከሆነ ግን ልብስሽን ጠበቅ አድርገሽ ተቀበዪው።"

ጋሽ ሙህዲን እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው መጡ። የተቆረጡትን እግሮች በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

"ማነው የቆረጠው?"

"እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት። ወደ ኋላ ይጥል ነበር።"

"የት ላይ?"

"በረንዳው ላይ።"

"ተሻለች በረንዳ ላይ ነበር የምትቀመጠው?"

ሐመልማል ወደ መስኮቱ ዞረች። ሽማግሌው እርሳሱን ከጆሯቸው አውርደው መስኮቱ ሥር ሊሾው ላይ አጋደሙት። እርሳሱ ጥቂት አመነታና ተንከባለለ፤ ሳሎኑን አቋርጦ የበሩ መድረክ ላይ ቆመ።

"አባትሽ ሊሾውን ሲያስፈስስ፣ ቤቱ ሲታጠብ ውኃው ራሱ ወደ በር ይውረድ ብሎ ዘመም አስደረገው። እኔ ደግሞ ወንበሩን ለወለሉ ሠራሁት። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ አሉ።"

"አበላሸሁት ማለት ነው?"

"ወላሂ አበላሽተሻል" አሉ፤ ከዚያ ወንበሩን እንደገና አዩት። "ግን እናትሽስ ያኔ የነበረችው ናት? ጉልበቷ አርጅቷል። እንደ ድሮው ብንመልሰውም ዝቅ ይልባታል። ለአራቱ እግሮቹ ጫማ እንሥራለት፤ ወለሉንም እሷንም የሚያውቅ።"

ሦስት ቀን ሠሩ። ከአሮጌ የጽድ አጥር ግንድ እየቆረጡ፣ ለእያንዳንዱ እግር ጫማ አበጁለት፤ በእንጨት ችንካርና በኮላ አጣበቁት፤ የፊቶቹን እንደ ድሮው በሁለት ጣት አስረዘሙ። ሐመልማል ብርጭቆ ውኃ መቀመጫው ላይ አኑራ ከጎን ከጎን ታያለች። ውኃው ሲስተካከል ሽማግሌው፣ "አሁን ስፖንጅ" አሉ።

ሳምራ ጠንካራውን ስፖንጅ በልክ ቆርጣ፣ አረንጓዴ ጨርቅ አልብሳ ሰጠቻት። "ሶፋዬን ንቀሽ ለስፖንጄ መጣሽ አይደል?"

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወንደሰን የላከው መኪና ደጃፉ ቆመ። ወይዘሮ ተሻለች በምርኩዛቸው እየተደገፉ ገቡ። ጋሽ ሙህዲን አስቀድመው መጥተው ጥግ ይዘዋል። እናትየዋ በሩ ላይ ቆመው ወደ መስኮቱ ተመለከቱ።

"ወንበሬ" አሉ ቀስ ብለው። ሄደው ተቀመጡ። እግራቸው ወለሉ ላይ አልደረሰም።

"አስረዘማችሁት እንዴ? ሕፃን አደረጋችሁኝ።"

ሐመልማል የሳጉሬውን በርጩማ ከእግራቸው ሥር አስገባችላቸው። እግራቸው አረፈ። ውኃ ጠጡ፣ ስለ መንገዱ አወሩ፣ መስኮቱን ከፈቱት። ከዚያ ድንገት፣ "ጓሮው ምን ሆኖ ይሆን?" አሉ።

ሐመልማል ልትደግፋቸው ብድግ አለች። ጋሽ ሙህዲን እጇን ያዙ።

"ተያት።"

ወይዘሮ ተሻለች በርጩማውን በእግራቸው ገፋ አደረጉ፤ ሁለቱንም እጆቻቸውን በክንድ መደገፊያዎቹ ላይ ጫኑ፤ እግራቸው ወለሉን ነካ። ቆሙ።



"ማን ያዘኝ?" አሉ ዞር ብለው።

"ማንም፣ እማዬ።"

ተመልሰው ተቀመጡ። ደግመው ተነሡ። ተቀመጡ፤ ተነሡ። በአራተኛው ጊዜ ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ትተውት፣ ብርጭቆው ውስጥ የቀረችውን ውኃ ሊሾው ላይ ደፏት። ውኃዋ ቀጥ ብላ ወደ በሩ ወረደች።

"ይወርዳል" አሉ፤ ፊታቸው በራ። "ሙህዲን፣ አየህ? አሁንም ይወርዳል።"

"መምህር ሀብተ ማርያም ያሠራው ነዋ" አሉ ሽማግሌው።

ወይዘሮ ተሻለች ብቻቸውን ወደ ጓሮው በር ሄዱ። እዚያ ሲደርሱ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"ወንደሰን ፍራሼንና ያልጋ ልብሴን ይላክልኝ። ንገሪው።"

ሐመልማል ስልኳን አወጣች። በዚህኛው ጊዜ አንድም ቃል አላጠፋችም፦ "ወንድሜ፣ እማዬ አራት ጊዜ ብቻዋን ተነሣች። አሁን ጓሮ ውስጥ አረሙን እየረገመች ነው። ገዢውን አሰናብተው። ፍራሿንና ያልጋ ልብሷን ላክ። አንተም ና፤ የምትቀመጥበት አናጣም።"

መልእክቱ እንደተነበበ የሚያሳዩት ሁለቱ ምልክቶች ወዲያው መጡ። ፍራሹ ማክሰኞ በጭነት መኪና ደረሰ። መልስ ግን በዚያ ቀንም ከዚያ ወዲያም አልመጣም፤ ሐመልማል ፍራሹን እንደ መልስ ቆጠረችው።