ግራ እግሬን ብቻ

ቀኙንማ አላወልቅም፣ አንድ እግር ለመለማመጃ ይበቃታል፣ አባዬ ካልሲህን አውልቅ ስትለኝ እሺ ልጄ ብዬ ግራዬን ዘርግቼላታለሁ፣ ሱቁን ለምሳ ዘግተናል፣ ከሚስማሩ ሣጥንና ከቀለሙ ጣሳ መሃል በርጩማ ላይ ተቀምጣ መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች፣ የስኳር ሕመምተኛ እግር እንዴት ይታያል ይላል ምዕራፉ፣ በሽተኛው እኔ ነኝ፣ ስኳሩ እውነተኛ ስለሆነ ማስመሰሉ አልከበደኝም።

ከተመረቀች ስምንት ዓመት። ጋውን ለብሳ የተነሳችው ፎቶ ከሚዛኑ በላይ ተሰቅሏል፣ ደንበኛው ሁሉ ዶክተር ናት እንዴ ይለኛል፣ ነርስ ናት እላለሁ፣ የት ነው የምትሠራው ሲለኝ ስንት ኪሎ ሚስማር ልመዝንልህ እላለሁ። ለሙያ ፈቃዱ ፈተና በተመዘገበች ሰሞን እናቷ ወደቀች፣ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ አላት፣ ማን ያንሳት፣ ማን ያገላብጣት፣ ልጅቷ መጽሐፉን ከድና ገባችበት፣ የእናቷ ጀርባ በመተኛት አንዴ እንኳ ሳይቆስል እስከ መጨረሻዋ አስታመመቻት፣ ከዚያ ሐዘን፣ ከዚያ ሱቅ፣ ከዚያ ሁሉንም ረስቻለሁ አባዬ፣ ማን ይቀጥረኛል። እኔ ከባዶ ኪስ ተነስቼ እዚህ የደረስኩ ሰው የአንዲትን ልጅ ዕድሜ በሁለት በሽተኛ አላከስርም፣ አንዱ ይበቃል። ፈተናው ቅዳሜ ነው። እስከ ቅዳሜ ቀኝ እግሬ ካልሲው ውስጥ ይቆያል፣ አበቃ።

ዓይንህን ጨፍን። በጥጥ ጫፍ ጣቶቼን ትነካካለች፣ ይሰማሃል? ይሰማኛል፣ ትንሽ ትንሽ፣ እጇ የእናቷ እጅ ነው፣ ሰፊ፣ ሞቅ ያለ፣ ዕቃ የማይጥል። ጎበዝ፣ አሁን ቀኙን። ምን ያደርግልሻል፣ ያው መንትያው ነው። አባዬ! ሁለቱም ከአንድ ፋብሪካ ነው የወጡት። ፈታኙንም እንዲህ ልበለው? ትስቃለች፣ ስትስቅ እድናለሁ፣ እንግዲያው እንስማማ፣ ግራውን ዛሬ ደህና አድርገሽ እዪው፣ ቀኙ ከፈተናው በኋላ፣ ነጋዴ ነኝ፣ ቀብድ ሰጥቶ ቀሪውን ማዘግየት እችልበታለሁ፣

ሳቋ ይቆማል።

ለምን?

እንዴት ያለ ለምን ነው ይሄ፣ ካልሲውን ራሷ ይዛ ቀስ አድርጋ ትጎትታለች፣ ተረከዜ ስር የተጣበቀው ጨርቅ ይታያል፣ ባለፈው ሳምንት የወጋኝ ሚስማር ነው፣ ሚስማር ሻጭ በገዛ ሚስማሩ፣ መወጋቴን ያወቅሁትም ማታ ካልሲዬ ላይ ደም አይቼ ነው። ያምሃል? ኧረ ምንም ልጄ፣ ዜሮ! ዜሮ ያልኳት እንዲቀልላት ነው፣ ፊቷ ግን ዐመድ ይመስላል፣ አባዬ፣ ከመልስ ሁሉ መጥፎው እሱ ነው፣ የሚያስፈራው ሚስማር ወግቶት የማያመው እግር ነው።

በቃ፣ አለቀ፣ ቅዳሜ ተበላች፣ ይኸው መጽሐፉን ዘጋችው፣ እንደዚያን ጊዜው፣ ተነሳች፣ እጇን ታጥባ ሳፋ ይዛ ተመለሰች፣ ውሃውን በክርኗ ለካች፣ ታወራለች፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ እንጃ፣ መጀመሪያ ማጠብ፣ መጎርጎር የለም፣ ጠርዙን ማየት፣ መቅላቱን፣ ሽታውን፣ ዛሬውኑ ሐኪም፣ የቲታነስ ክትባት፣ ስኳሩን መለካት፣ በዚህ እግር መቆም ክልክል። እቆጥራለሁ፣ አንዱም አልጎደለ፣ መጽሐፉ እኮ ተከድኖ ጣሳው ላይ ተቀምጧል፣ አንቺ፣ ረስቻለሁ አላልሽም? የቱን? ትለኛለች ቀና ሳትል።

ቅዳሜስ? ድምፄ ለምን ቀጠነ። ቅዳሜማ እፈተናለሁ፣ አክስቴ አጠገብህ ትውላለች፣ አንተ እግርህን ትራስ ላይ አድርገህ ትተኛለህ፣ ሱቁ ይዘጋል። ቅዳሜ? የገበያ ቀን? አባዬ፣ ብትታመምብኝ አውቅበታለሁ፣ ብትደብቀኝ ነው የምወድቀው።

እሺ። ለማንም እንዲህ ቶሎ እሺ ብዬ አላውቅም፣ ተረከዜን በመዳፏ ይዛ ውሃውን ታፈሳለች፣ ይሰማሃል? አይሰማኝም ልጄ፣ አየዋለሁ እንጂ አይሰማኝም፣ እሺ አባዬ ትላለች፣ አትደነግጥም፣ ታፈሳለች፣