ለለቅሶ የተከፈተ ጣራ

ነጃት ደረጃው ላይ ቆማ ለታችኛዋ ጎረቤት ስታንሾካሹክ፣ በሩ ክፍት ነውና ሰብሪያ ሰማቻት። ሐጂ ሸውቂ ያንን የጣራ ቁልፍ ሰጠ አሉ፤ ወንዶቹ ለቅሶ የሚቀመጡበት ስለጠፋ ጣራው ላይ ወንበር ይደርደር ብሎ። ከኪሱ ሲያወጣው ጥርሱን እንደሚያስነቅል ሰው ፊቱ ተጨማዶ ነበር አለች፣ ነጃት መቼም።

የሰብሪያ ባል ጋሪብ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ቤታቸው የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነውና ፀሐይዋ ሲሚንቶውን ቀን ሙሉ ስታበስለው ትውልና፣ ማታ ሙቀቱን ቁልቁል ይተፋዋል። ጥቁር የለበሱት ሴቶች በሻሻቸው ጫፍ እያራገቡ፣ ስኳር የሌለውን ቡና ፉት እያሉ፣ የሟችን ደግነት ያወራሉ። አንዷማ ሕንፃው ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነባት ጎን ያለው ሕንፃ ገብታ፣ ያልሞተ ሰው ቤት እንባዋን ጨርሳ ነው የመጣችው። ሰውየው ራሱ ወጥቶ «እኔ ገና ነኝ፣ እናቴ» አላት አሉ።

በድሮው ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር የት ነበር። ቤታቸው የጭቃ ጡብ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ መንገዱ ጠባብና ጥላ። በጋ ሲሆን ጋሪብ አመሻሹ ላይ ጣራ ይወጣና ውሃ በእጁ እየዘገነ ወለሉን ይረጫል፤ ከዚያ ፍራሽ ያነጥፋል። ከጣራ ጣራ ሲያወጉ፣ የማን ሚስት ምን እንዳለች ሳይሰማ የሚያድር የለም። ጎረቤታቸው የዊዳድ እናት ከወዲያኛው ጣራ ሆና «አንተ ጋሪብ፣ ማንኮራፋትህ ዶሮዎቼን እንቁላል ከለከላቸው» ትለው ነበር።

ኋላ ሹማምንቱ መጡና ሰፈሩ አደገኛ ነው፣ ይፈርሳል አሉ። በረሃው ዳር አዲስ ቤት ሰጧቸው፤ ነጭ፣ ዛፍ የሌለበት። ጣራው ላይ መተኛት በሕንፃው ደንብ ተከልክሏል፤ ቁልፉም የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የሐጂ ሸውቂ ኪስ ውስጥ ነው። ሙቀቱ የባሰበት ሳምንት ሲመጣ ጋሪብ ሄዶ ጣራውን እንዲከፍትለት ሐጂን ለመነው።

«ጋሪብ ወንድሜ፣ ላንተ ከከፈትኩ ለሁሉም ልከፍት ነው» አለው።

ጋሪብ ተመልሶ እዚያው የተዘጋው የጣራ በር ሥር፣ ደረጃው ላይ ተኛ። ጠዋት ሰብሪያ ልትቀሰቅሰው ብትወጣ ሞቷል፤ ከሙቀቱ የተነሳ ሬሳው እንኳ አልበረደም።

ቁልፉ በተሰጠበት ሌሊት፣ ወንዶቹ ቁልፉን ትተውላት ሲሄዱ ሰብሪያ ጣራው ላይ ወጥታ ተኛች። ነፋስ ነበር። ጠዋት ቁልፉን ሻሿ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ታች ከተመለሰች እሷም እንደማይነጋላት ገብቷታል።

በሦስተኛው ቀን ማታ ወንበሮቹ ተጫኑ። ሐጂ ሸውቂ በሩ ላይ ቆመ።

«አላህ ያጽናሽ እህቴ። እንግዲህ ለቅሶውም አበቃ፤ ደንብ ነውና ቁልፉን» ብሎ እጁን ዘረጋ።

አንዳንዶቹ ሴቶች «ደንብ ከሆነማ» ማለት ጀመሩ። ሦስት አውቶብስ ቀይራ የመጣችው የዊዳድ እናት ሲኒዋን አስቀመጠች።

«ስጪው ሰብሪያ። ብቻ እርስዎ ሐጂ፣ ጣራው የሚከፈተው ሰው ሲሞት ከሆነ፣ ቀጣዩ ማን እንደሆነ ይንገሩን፤ ፍራሻችንን ጠቅልለን እንጠብቅ።»

ሐጂ አንገቱን ደፋ፤ እጁን ግን አላጠፈም።

ሰብሪያ ቋጠሮውን ፈታች፤ ቁልፉን መዳፉ ላይ አኖረችለት። ከዚያ ፊቷ ካለው ብርጭቆ ውሃ መዳፏ ላይ ገልብጣ፣ የጋሪብ ፍራሽ ይነጠፍበት የነበረውን የክፍሉን ወለል ረጨች። ወዲያው ደረቀ። ደግማ ረጨች።