ለስፌት የሚተው ሰዓት

ተራራው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በልብስ ስፌት ቤቱ መስኮት ሲታይ ኖሯል። ባለቤቲቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ባለች ቁጥር እዚያው ነው፤ የትም አይሄድም። በተጋቡ በወሩ ባሏን «መቼ ነው እዚያ ጫፍ የምታወጣኝ?» አለችው። «በሚቀጥለው ዓመት» አላት። የሚቀጥለው ዓመት መጣ፤ ልጅ ተወለደች። ሌላው መጣ፤ ዝናቡ በዛ። ከዚያ ወዲያ ምክንያቱ ይለዋወጣል እንጂ መልሱ ያው ነበር። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ እንቢም ብሏት አያውቅም። ዝም ብሎ ነገሩን በየዓመቱ አንድ ዓመት ወደፊት ይገፋዋል።

ሰፈሩ «ሜትር» ነው የሚላት፤ የልኬት ሜትሩ ከአንገቷ ስለማይወርድ። አንድ ጊዜ ሰርግ ቤት ከሐብሏ ጋር እንደተንጠለጠለ ሄዳ፣ ሙሽራው ልትለካው የመጣች መስሎት ቀጥ ብሎ ቆሞላታል። ባሏ ደግሞ ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ከወጣ ገና አራት ወሩ ነው። ሁለት ኩራት ነበረው። አንደኛው፣ ከተመደበለት ሰዓት አንዲት ደቂቃ ዘግይቶ አለማወቁ። ሁለተኛው፣ ከሰርጉ በፊት ያንን ተራራ እስከ ጫፉ መውጣቱ። ይህን ሁለተኛውን እሱ ብዙም አያነሳውም፤ የምታወራለት ሜትር ናት። ደንበኛ አቁማ ልብሱን በስፒል ስትይዝለት «ባሌ እዚያ ላይ ቆሟል» ትላለች። ስፒል የተሰካበት ሰው መንቀሳቀስ ስለማይችል ታሪኩን እስከ መጨረሻው ያዳምጣል።

ዘንድሮ ነገሩን ቁርጥ ያደረገችው ነርሷ ልጃቸው ናት። አንድ ቀን ምሳ ላይ «ከሁለት ሳምንት በኋላ እሑድ እረፍት አለኝ» አለች። «እንሂድ። ዓመቱን ሙሉ ያለችኝ ነፃ እሑድ ይቺው ናት።»

ሜትር የጎረሰችውን ሳታላምጥ ዋጠችው። ልቧ ቅቤ ጠጣ። ሹፌሩ ግን ውሃ ልቅዳ ብሎ ተነሳ፤ ብርጭቆው ፊቱ ሞልቶ ተቀምጦ ነበር።

«እቅዱን እናንተ አውጡ፣ እኔ አየዋለሁ» አለች ልጅቷ። «እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰባት ሰዓት ሲሆን የትም እንሁን የትም እንመለሳለን። ከዚያ በኋላ ጉም ይወርዳል። ጉም ውስጥ ቀርተው እግራቸውን ሰብረው የሚመጡትን የምቀበለው እኔ ነኝ።»

«ጫፉ አሥር እርምጃ ቢቀረንስ?»

«አሥር እርምጃ ቢቀረንም፣ እማዬ።»

ሜትር ልጇን ታውቃታለች፤ አንዴ ካለች አለች ነው። እንግዲህ ጉዳዩ ሁሉ በዚህች ሰዓት ላይ ተንጠለጠለ። ከሰባት በፊት ከደረሱ ደረሱ፤ አለዚያ ሠላሳ አንዱ ዓመት ሠላሳ ሁለት ሊሆን ነው።

በማግስቱ የተራራው ካርታ የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። ጥግ ጥጉን መቀስ፣ ካውያ፣ የቁልፍ ቆርቆሮና የሹፌሩ ክርን ያዙት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለች ሜትር፤ ቀይ ክር ሳበችና በካርታው ላይ ያለችውን ቀጭን መንገድ ጥምዝ በጥምዝ እየተከተለች አስተኛችው። ከዚያ ቆርጣ ከአንገቷ ሜትር ጋር አስተያየችው። ሠላሳ ስድስት ሳንቲ ሜትር። በካርታው ልክ አራቱ ሳንቲ አንድ ኪሎ ሜትር ነው።

«ዘጠኝ ኪሎ ሜትር» አለች። «ይኼማ ገበያ ደርሶ መልስ ነው።»

ሹፌሩ እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ሰንጠረዥ አሰመረ። መነሻ፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት። በሰዓት ሦስት ኪሎ ሜትር። ፌርማታ አራት፣ በእያንዳንዱ አሥራ አምስት ደቂቃ። መድረሻ፣ አራት ሰዓት። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለ መስመር አስምሮ ስለማያውቅ ደጋግሞ አየው።

«አራት ሰዓት ደርሰን እስከ ሰባት ምን ልንሠራ ነው?» አለ።

«እንተኛለና።»

«እዚያ ላይ አይተኛም» አለ ፈጠን ብሎ።

«ምን አለው? ቆመህበት የለም እንዴ?»

«ብርድ ነው።» እርሳሱን መልሶ ጆሮው ላይ ሰካ።

ሜትር ያን ሳምንት ሥራና ዝግጅት አንድ ላይ ተደባለቁባት። የሻንጣ ማንገቻ አጠነከረች፤ ከተራረፈ ቀይ ጨርቅ ለባሏ በወፍራም ገበር ጃኬት ሰፋችለት። «ከሩቅ እንድትታይ ነው» አለችው። ደንበኛ ሁሉ የእሑዱን ጉዞ ሰምቶ ጨረሰ።

በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ ዳቦ ጋጋሪው ለሰርግ ያሰፋውን ኮት ሊሞክር መጣ። ምድጃውን ትቶ መምጣት ስላልቻለ አሮጌ ኮቱን ልኮላት ነበር፤ እሷም ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ በዚያው ልክ ነው የቆረጠችው። ለበሰው። ከኋላ ልክ ነው። ከትከሻው ልክ ነው። ከፊት ግን ሆዱ ላይ ወጥቶ አራት ጣት ያህል ተሰቅሏል።

«እትዬ ሜትር፣ ይኼ የኔ ነው የልጄ?» አለ መስተዋቱን እያየ።

«ጠረጴዛው ላይ ልክ ነበር።»

«እኔ ጠረጴዛ ነኝ እንዴ?»

ሰውየውን በጎን አየችው፤ ሆዱን አየች፤ ከሆዱ በላይ በመስኮቱ ያለውን ተራራ አየች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሥራ ለምታስለምዳቸው ሁሉ የተናገረችው አንድ ነገር አለ፤ የተኛ ጨርቅና የተለበሰ ጨርቅ አንድ አይደለም። እሷው ራሷ ተራራን የሚያህል ነገር ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ ለክታው ኖሯል።

«ጠረጴዛ አይደለህም» አለች ቀስ ብላ። «እሱም አይደለም።»

«ማን?»

ሳቋ መጣ። ስፒሎቹ ከእጇ ወደቁ፤ ዳቦ ጋጋሪውም ጎንበስ ብሎ ሊለቅም ሲል ኮቱ ከፊት ይባስ ተሰቀለ። «ሆድህ ይባረክ ወንድሜ» አለችው፤ ኮቱን ለሐሙስ ቀጠረችና ባሏን ተጣራች።

«እነዚህ ቡናማ መስመሮች ምን መስለውህ ነበር?» አለችው ካርታውን ዘርግታ።

«ጌጥ።»

«የዳገቱ ሽብሽብ ናቸው፤ ሲጠጋጉ ዳገቱ ይቆማል። ጉርድ ቀሚስ ወገቡ ሰማንያ ሳንቲ ነው፤ ሽብሽቡን ብትፈታው ሦስት ሜትር ይወጣዋል። እኛ የለካነው ወገቡን ነው።» ጣቷን መስመሮቹ ተጠጋግተው ጠቁረው ወደሚታዩበት ወደ ጫፉ ወሰደች። «ገበያ የምንሄድበት እግር እዚህ አይሠራም። ዳገት ላይ ስንት እንደምንሄድ መለካት አለብን።»

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፤ ደግነቱ ድስቱ ገና አልተጣደም። አርብ ዕለት ልጃቸው ከምትሠራበት ሆስፒታል ጀርባ ወዳለው የብረት ደረጃ ሄዱ። ደረጃው ስምንት ፎቅ ነው፤ ከውጭ የተገጠመ፣ መርገጫው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው። ውሃ የተሞላ ሻንጣ አዝለው ጀመሩ፤ ልጅቷ ሰዓት ይዛ ታች ቆመች።

ሜትር አልፈጠነችም፤ አልቆመችምም። አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላው እግር፤ ዕድሜ ልኳን የስፌት መኪናዋን ፔዳል እንደረገጠችው። ስምንተኛው ፎቅ ደርሳ ዞር ስትል ባሏ የለም። አምስተኛው ላይ ሁለት እጁን ብረቱ ላይ አጣብቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል። ወረደችለት።

«ደከመህ?»

«አይ።»

«ታዲያ?»

«ወደ ታች ይታያል።»

ቀዳዳዎቹን አየች፤ እሱን አየች። «ያኔስ? ጫፉ ላይ እንዴት ቆምክ?»

ዓይኑን ሳይገልጥ «አልቆምኩም» አለ። «የተራራው ትከሻ ላይ ስደርስ መንገዱ በሁለት በኩል ገደል ሆነ። እግሬ እንቢ አለኝ። ጓደኞቼ ወጥተው እስኪመለሱ ድንጋይ አቅፌ ተቀመጥኩ። ልናገባ ሦስት ሳምንት ነበር የቀረን፤ ምን ብዬ ልንገርሽ?»

«የከተማውን ረጅም ድልድይ በአውቶቡስ በቀን ስምንቴ ስትሻገር የኖርከው ሰውዬ?»

«መሪ ይዤ ነዋ።»

መጀመሪያ ተናደደች። ስንቱን ሰው ስፒል ሰክታ እንደዋሸች አሰበችና ፊቷ ጋለ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ይህ ሰው ግን ይህቺን ውሸት ሠላሳ አንድ ዓመት ሳትቀልለት ተሸክሟት ኖሯል። እንቢ ያላላትም፣ እሺ ያላላትም ለዚህ ነበር። ከቁጣዋ ሥር ሳቅ መጣ፤ ከሳቋ ሥር ደግሞ እንደተጋቡበት ጊዜ ወደደችው።

«አውርጂኝ» አላት።

ሜትሩን ከአንገቷ አወረደችና አንዱን ጫፍ አስያዘችው። እሷ ከፊት፣ እሱ ዓይኑን ቁጥሮቹ ላይ ብቻ አድርጎ ከኋላ፣ እየተመራ አምስቱን ፎቅ ወረደ። ልጃቸው ታች ጠብቃ የአባቷን ሻንጣ ተቀበለችው።

ማታ ሰንጠረዡ አዲስ ተሰመረ። ሹፌሩ የተራራው ትከሻ ላይ ይቀራል፤ ሁለቱ ይወጣሉ። በደረጃው ልክ ሲሰላ መንገዱ ከነፌርማታው ስድስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል።

«አሥራ ሁለት ተነስተን ስድስት ተኩል» አለ ሹፌሩ። «ግማሽ ሰዓት ይተርፋችኋል።»

«አይበቃም። ጨርቅ ልክ በልኩ አይቆረጥም፤ ለስፌት ይተዋል። አንድ ሰዓት ጨምር።»

«ሰዓት እንደ ጨርቅ ይተዋል እንዴ? አሥራ ሁለት ካልኩ አሥራ ሁለት ነው።»

«አንተ የምታቅደው ለአውቶቡስ ነው። እኔ ለጉልበቴ ነው።»

እያጉረመረመ አሥራ አንድ ብሎ ጻፈ። ልጅቷ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አይታ «ይቺን አንድ ሰዓት ማን ጨመራት?» ስትል፣ «የዳቦ ጋጋሪው ሆድ» አለ አባቷ።

እሑድ በተባለው ሰዓት፣ ገና ሳይነጋ፣ ከተራራው ግርጌ ተነሱ። እስከ ትከሻው ድረስ ሁሉም እንደ ሰንጠረዡ ነበር። ሹፌሩ ያንኑ የድሮ ድንጋይ ለየውና ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ ተቀመጠ፤ ቀይ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆለፈ፤ የተቀቀለ እንቁላሉን ጎኑ አደረገ። «ሂጂ፣ ሰዓትሽ እየሄደ ነው» አላት።

ከዚያ በላይ ግን ሰንጠረዡ አልሠራም። መሬቱ ልቅ ጠጠር ነው፤ አንድ እርምጃ ሲወጡ ግማሹን ይመልሳል። ቀኝ ጉልበቷ ማጉረምረም ጀመረ። እንደርሳለን ያሉበት አምስት ሰዓት ተኩል አለፈ። ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ጫፉ ግን አሁንም ሩቅ ነው። ስድስት ተኩል ላይ ልጅቷ ሰዓቷን አይታ እጅጌዋን መለሰችው፤ ይህም ሜትርን ከጉልበቷ በላይ አስጨነቃት። ፔዳሉን ረገጠች። አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላው እግር።

ለሰባት አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ከእግሯ በላይ የሚወጣ መሬት አለቀ።

ያቺ ለስፌት የተተወች ሰዓት ባትኖር ኖሮ አሁን ገና ጠጠሩ ላይ ነበረች። ሜትር ቆመች፤ አለቀሰችም፣ ሳቀችም፤ የትኛው እንደቀደመ ልጅቷም አላወቀችም። ከተማው ታች የፈሰሰ አመድ መስሏል። መስኮቷን ፈለገች፤ ልታገኘው አልቻለችም። ዓይኗን ስትመልስ ትከሻው ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ አየች። ነጥቧ ድንጋዩ ላይ አልነበረችም፤ ከድንጋዩ ራቅ ብላ ቆማለች፣ ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ፣ ሁለት እጇን እያውለበለበች። ሜትር የልኬት ሜትሩን ከአንገቷ አወለቀችና እጇ እስኪዝል አወዛወዘችለት። ከዚያ ልጅቷ «ሰባት ሰዓት ነው፣ እማዬ» አለች፤ ወረዱ።

ሲደርሱበት ድንጋዩን ተደግፎ ተቀምጧል፤ እንቁላሉም አልተነካም።

«ቆመህ አየሁህ» አለችው።

«አንዴ ነው።»

«ቆመሃል ግን።»

ከጃኬቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋላት። እነሱን ሲጠብቅ ያሰመረው ነው። አናቱ ላይ «በሚቀጥለው ዓመት» ይላል። መነሻው አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ፌርማታዎቹ በየቦታቸው አሉ፤ ከትከሻው በላይ ግን በፊት ያልነበረ አዲስ ፌርማታ ተጨምሯል። «ከድንጋዩ አሥር እርምጃ» ይላል።

ሜትር ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ እርሳሱን ከጆሮው ላይ ወሰደች።

«ለስፌት አልተውክም» አለችው፤ ከአሥሩ እርምጃ ጎን «ሁለት ሰዓት» ብላ ጻፈችና ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ መለሰችለት።