የዋይ ኤይትስ ጭብጨባ

መዓዛ ሜሪላንድ፣ አስፐን ሂል ያለውን ቤቷን ስትገዛ ቤዝመንቱን ለማከራየት ነበር ያሰበችው። የእህቷ ልጅ ሄኒ ግን ቀደመቻት። ጊዜው እ.ኤ.አ. 2003 ነው። ሄኒ ያኔ ሃያ ዓመቷ ነበር፤ እዚሁ አሜሪካ ተወልዳ ያደገች፣ ጊታር ከእጇ የማይለይ ልጅ።

«አክስቴ፣ ፕሊስ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ። ፕራክቲስ የምናደርግበት ቦታ የለንም» አለቻት።

«ስንት ናችሁ?»

«ሦስት። እኔ፣ ዳንና ፖል። ጨዋ ልጆች ናቸው።»

«ጨዋ ከሆኑ ጫማቸውን በር ላይ ያውልቁ» ብላ ፈቀደች።

ባንዱ ስሙን የወሰደው ጆርጂያ አቬኑ ላይ ከሚመላለሰው «Y8» ከሚባል አውቶቡስ ነው፤ ዋይ ኤይትስ። የሚጫወቱትን ፓወር ፖፕ ይሉታል። ሄኒ እንዳስረዳቻት ጊታሩ ይጮኻል፣ ዜማው ግን ጣፋጭ ነው፤ በሦስት ደቂቃ ያልቃል፤ አዝማቹን የሰማ ሁሉ አብሮ ይዘፍናል። መዓዛ መጀመሪያ ላይ የሰማችው ጩኸቱን ብቻ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው የአረጋውያን መጦሪያ ሺፍቷን ጨርሳ ስትገባ ወለሉ ከእግሯ ሥር ይንቀጠቀጣል። ወር ሳይሞላ ግን ሽንኩርት ስትከትፍ አዝማቹ ሳይታወቃት ከአፏ ይወጣ ጀመር።

አንድ ቅዳሜ የመጀመሪያ አልበማቸውን እየቀዱ ነበር። ልብስ ማጠቢያው ቤዝመንት ውስጥ ስለሆነ መዓዛ የታጠበ ልብስ ልታወጣ ወረደች። ሦስቱ አንድ ማይክ ከበው ያጨበጭባሉ፤ ያቆማሉ፤ እንደገና ይጀምራሉ።

«ምን ሆናችሁ ነው?»

«ጭብጨባው እምቢ አለን» አለች ሄኒ። «ሕይወት የለውም።»

«እንደ ወታደር እኩል እኩል እየመታችሁ ከየት ይምጣ? እስቲ ዘፈኑን ክፈቱት።»

የልብሱን ቅርጫት መሬት አስቀመጠች። ልጅ ሆና ጎንደር ሠርግ ቤት እንደምታጨበጭበው፣ ሁለቱን ፈጠን አድርጋ ሦስተኛውን ትንሽ አዘገየችው። ከበሮ መቺው ዳን አፉን ከፍቶ ቀረ። «አታቁሚ፣ አታቁሚ!» አለች ሄኒ። አንዴ ተቀዳ፤ መድገም አላስፈለገም። አልበሙ ሲወጣ ጀርባው ላይ በትንንሽ ፊደል የእሷም ስም ነበረበት፤ «ጭብጨባ፦ መዓዛ» ይላል። ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ ግን አላሳየቻቸውም።

ዋይ ኤይትስ አምስት ዓመት ቆዩ። በአሮጌ ቫን ሪችመንድና ፊላደልፊያ፣ አንድ ጊዜም ቺካጎ ድረስ ሄደው ተጫወቱ። ሁለተኛው አልበማቸው ሲወጣ አንድ ጋዜጣ አመሰገናቸው፤ ሬዲዮ ግን ዞር ብሎም አላያቸው። በ2008 ዳን ልጅ ወለደ፣ ፖል ሥራ አግኝቶ ኦሪገን ገባ፣ ሄኒም የሙዚቃ አስተማሪ ሆነች። ሳይጣሉ፣ ተቃቅፈው ተለያዩ። ቤዝመንቱን በዲቪ የመጡ ባልና ሚስት ተከራዩት። ቤቱ ጸጥ አለ፤ መዓዛም ጸጥታውን ባትወደውም ለመደችው።

በ2015 ሄኒ ኮል አደረገቻት።

«አክስቴ፣ ልጆች ኢንተርኔት ላይ ዘፈናችንን አግኝተውታል! እዚሁ ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ያለ ሙዚቃ ቤት የመጀመሪያውን አልበም በሸክላ አውጥቶታል። እንድንጫወትም ጠርተውናል። ትመጫለሽ!»

«እኔ ደግሞ እዚያ ምን እሠራለሁ?» አለች፤ ቅዳሜዋን ግን ከሺፍት ነፃ አስደረገች።

ሙዚቃ ቤቱ ጠባብ ነው። በቀትር ሰማንያ የሚሆን ሰው ታጭቆበታል፤ ግማሹ አልበሙ መጀመሪያ ሲወጣ ገና መዋዕለ ሕፃናት የነበረ ነው። ዳን ሸብቷል። ፖልም ከኦሪገን በርሮ መጥቷል። መዓዛ ጥጓን ይዛ ቆማ ሳለ አንዲት ሐበሻ ልጅ ሸክላውን ታቅፋ ቀረበቻት።

«ኤክስኪውዝ ሚ፣ አንቺ ነሽ ዘ መዓዛ?»

«የቷ መዓዛ?»

«የጭብጨባዋ! እኔ ሶሊ ነኝ፣ ከአናንዴል። እኛም ባንድ አለን። ያንቺን ጭብጨባ ለመልመድ፣ ላይክ፣ አንድ ወር ፈጀብን። ሳይን ታደርጊልኛለሽ?»

መዓዛ «አንቺ» መባሏን እንኳ ልብ አላለችውም። እስክሪብቶውን ተቀብላ ስሟን በአማርኛ፣ ረጋ ብላ ጻፈችላት።

ዘፈኑ ሲጀመር ሄኒ በማይክ ጠራቻት። እምቢ ልትል ነበር፤ ሰዉ ግን መንገድ ከፍቶ ይጠብቃታል። ቦርሳዋን ለሶሊ ሰጥታ ወደ ማይኩ ሄደች፤ አጨበጨበች። ቤቱ በሙሉ ተቀበላት። ፀጉራቸውን ሰማያዊ የቀቡ ልጆች ሦስተኛዋን ምት ልክ እንደ ጎንደር ሰው ሲያዘገዩዋት አይታ ሳቋ አመለጣት።

ወደ ሜሪላንድ ሲመለሱ፣ ድልድዩ ላይ ሄኒ እየነዳች ጠየቀቻት።

«ለመሆኑ ከዘፈኖቻችን የትኛውን ትወጂያለሽ?»

«ከሁለተኛው አልበም ያችን ቀስ የምትለዋን። መጨረሻው ላይ ባትጮኺባት ኖሮ ደግሞ የበለጠ ታምር ነበር።»

«አክስቴ! ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ።»

ሄኒ እየሳቀች መስኮቱን ከፈተችና ያችኑ ዘፈን መዝፈን ጀመረች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ድምጿን ዝቅ አደረገች።