ዳዊት ያልጠጣው ውኃ

በ2005 ግንቦት በስደት በምንኖርበት ሰፈር፣ በሐጅ ዩሱፍ፣ ውኃ ጠፍቶ ሰነበተ። የጽዋ ማኅበራችን ዕለት፣ በሀብታሞቹ ሰፈር በካፉሪ ከምሠራበት ቪላ አንድ ጠርሙስ በረዶ የመሰለ ውኃ ለምኜ፣ በባለሦስት እግሯ ረክሻ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፌ አመጣሁ። ለሁላችንም ጉሮሮ ማርጠቢያ ነበር። የሚያድለው አለቃው ነው ብዬ፣ እኔ ሞኟ፣ ለማኅበሩ ሙሴ ለጋሽ ገዛኸኝ ሰጠኋቸው።

መሪጌታ ልሳነወርቅ ስለ ንጉሥ ዳዊት ይተርካሉ። ዳዊት ቢጠማው፣ ሦስት ኃያላን የጠላትን ሰፈር ጥሰው ከቤተልሔም ጉድጓድ ቀዱለት። ሙቀቱ ከብዶኝ ድምፃቸው እየራቀ ሄደ፤ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በሕልሜ ንጉሡ በባዶ እግሩ አቧራውን እየረገጠ ገባ። ጠርሙሴን ተቀብሎ እጆቼን አያቸው።

«ይህ ደምሽ ነው፤ እንዴት እጠጣዋለሁ?» አለና ለእግዚአብሔር አፈሰሰው።

ውኃው መሬት አልነካም። ወደ ላይ ተንሳፍፎ ደመና ሆነና በሐጅ ዩሱፍ ቆርቆሮዎች ሁሉ ላይ ቀስ ብሎ ዘነበ።

ስነቃ መሪጌታ ገና «ዳዊት ግን ይጠጣ ዘንድ አልወደደም» እያሉ ነው። የእናቶች ብርጭቆ ሁሉ ደረቅ ነው። ጋሽ ገዛኸኝ ጠርሙሱን አንጋጠው ጨለጡና ጢማቸውን ጠረጉ።

«ይመኙሻል፣ ሌላ የለም?»