የውሰት አፍንጫ

«የሣር ውሃ ነው ካልኩህ የሣር ውሃ ነው!» አሉ አማቱ፣ አፈ ሰፊውን ጠርሙስ ወደ አናጺው ደረት እየገፉ።

«እማማ፣ ሣር ሣር ያለው ጠዋት ነው። አሁን ለቆታል። አሁን ጽጌረዳ ነው የሚለው።»

«የቱ ጋ ነው ጽጌረዳው?»

«ይኸው እዚህ! ከላይ ጽጌረዳ፣ ከሥሩ ደግሞ እንደ ሎሚ ልጣጭ የሚል ነገር አለው። ግን ገና ነው፤ አሁን ካጠለሉት ውሃ ውሃ ይላል።»

«እኔ ደግሞ አልፎበታል ባይ ነኝ።»

«አሁን ሣር ነው ሲሉኝ አልነበረም እንዴ? ሣር የነበረ ነገር ሳይደርስ እንዴት ያልፍበታል?»

«ቀኑን ሙሉ ቫርኒሽ ስትምግ የምትውል ሰውዬ ስለ አበባ ልታስተምረኝ?»

«ታዲያ ለምን ይጠይቁኛል?»

«ማን ጠየቀህ? ነገርኩህ እንጂ!» ብለው ጠርሙሱን መልሰው ቀሙት፤ በሳህን ከድነውም በመስኮቱ ሥር ወዳለው ጥላ ወሰዱት። ይህን ሁሉ ተናግረው ግን አላጠለሉትም።

አናጺው መላጊያውን አንሥቶ ወደ ጀመረው የቁም ሣጥን በር ዞረ። ከግድግዳው ማዶ የሚስቱ የስፌት መኪና ቀጥ አለና ድምጿ መጣ።

«እናንተ ሰዎች! ጎረቤት እኮ የምትጋደሉ ነው የሚመስለው!»

«እናትሽን ያዢልኝ!» ሲል እሱ፣ አማቱም እኩል «ባልሽን ያዢልኝ!» አሉ። የስፌት መኪናው ሥራውን ቀጠለ።

አማትየው የሚኖሩት ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ባለች ትንሽ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ነው። አጥራቸው ሥር የተተከለው ቀይ ጽጌረዳ በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ሲፈነዳ የጽጌረዳ ውሃቸውን ይሠራሉ። አበባው ፀሐይ ሳይነካው በማለዳ ይለቀማል። የእያንዳንዷ የአበባ ቅጠል ነጭ ሥር በመቀስ ይቆረጣል፤ እሱ ከገባ ይመርራል። ከዚያ በስኳርና በሎሚ ጭማቂ ቀለሙን እስኪሰጥ ይታሻል፤ ፈልቶ በረድ ያለ ውሃ ይፈስበትና ይከደናል። እስከዚህ ድረስ ማንም ይሠራዋል። ጭንቁ ያለው የማጥለያው ሰዓት ላይ ነው። ከተቸኮለ ሣር ሣር ይላል፤ ከተዘገየ የተቀቀለ ጎመን። በሁለቱ መሐል አንዲት ደህና ጊዜ አለች፤ እሷን የሚያውቃት አፍንጫ ብቻ ነው።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከመጠጥ አልፎ ነበር። በክረምቱ መጨረሻ አማትየው የጣዱት ወተት ገንፍሎ፣ ድስቱም አርሮ፣ ጭሱ በመስኮት ሲወጣ ያየ ጎረቤት በሩን ሊሰብር ደርሶ ነበር። እሳቸው «እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ነው» አሉ። የበኩር ልጃቸው፣ ሹፌሩ፣ ይህን አልተቀበለም።

«እማዬ መርሳት ጀምራለች» አለ ለእህቱ። «ቤቷን እናከራየውና እናንተ ጋ ትግባ። ያለዚያ አንድ ቀን ቤቱን በላይዋ ላይ ታነድደዋለች።»

እህቱ ተከራከረች፤ አለቀሰችም። በመጨረሻ፣ «እሑድ ናና የጽጌረዳ ውሃዋን ቅመስ። የምትረሳ ሴት እሱን መሥራት ትችል እንደሆነ ራስህ ፍረድ» አለችው። እናቲቱም ይህን ሰምተዋል። ልጃቸውንም አማቻቸውንም ይወዳሉ፤ ግን ማደሪያቸው በሰው ቤት እንዲሆን አይፈልጉም። «እንግዳ ሲበላም ሲተኛም ይሉኝታ አለበት» ይላሉ፤ «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ባሻኝ ሰዓት ተነሥቼ ባሻኝ ሰዓት ሻዬን ማፍላት ነው የምፈልገው።»

ሴት ልጃቸው ከወተቱ ወዲህ ስለምትሰጋ «እኔ ጋ ሆነሽ ሥሪው» ብላ አበባቸውን በቅርጫት አስይዛ አስመጣቻቸው። ወጥ ቤቱ ይሞቃል። ቀዝቃዛ ጥላ ያለው በጓሮው የአናጺው መሥሪያ ክፍል መስኮት ሥር ነው። ጠርሙሱ በዚህ ምክንያት ከመጋዝና ከሙጫ ጋር ጎረቤት ሆነ፤ አናጺውም ቅዳሜውን እንዲህ ልቡን ሲያወልቁት ዋለ። ሚስቱ ከግድግዳ ወዲያ ቁጭ ብላ ሳለች ለምን እሱን እንደሚይዙት ሊገባው አልቻለም።

ከሰዓት በኋላ አናጺው በሩን ቀይ ቀለም ቀብቶ ጨረሰና ብሩሹን ቲነር ውስጥ አጠበ። ቲነሩን የያዘበት ዕቃ ሚስቱ ባዶውን የሰጠችው አፈ ሰፊ ጠርሙስ ነበር። ፈሳሹ ቀላ ሲል ብሩሹን አውጥቶ ጠርሙሱን መስኮቱ አጠገብ አኖረውና ማጠፊያ ለመግጠም ጎንበስ አለ።

አማትየው ማጥለያ ጨርቃቸውንና የጽጌረዳው ውሃ የሚቀላቀልበትን የስኳር ሽሮፕ በጆግ ይዘው ገቡ። ያገኙትን ጠርሙስ አነሡ፤ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው በረጅሙ ሳቡት።

«እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ። «አሁን ገና አበባ ሸተተ!»

አናጺው ቀና አለ። መጀመሪያ የሚያሾፉበት መሰለው፤ ቲነሩ እሱ ካለበት ድረስ ይሸታል። አማቱ ግን ጨርቁን በጆጉ አፍ ላይ ዘርግተው ጠርሙሱን ማጋደል ጀመሩ። እሱ ሲዘል የቁም ሣጥኑ በር ተንሸራቶ ወደቀ፤ ደርሶ እጃቸውን ያዘ።

«አብደሃል እንዴ?»

«እማማ፣ ብሩሽ ያጠብኩበት ቲነር ነው!»

አማቱ ጠርሙሱን አዩት። እንደገና ወደ አፍንጫቸው ወሰዱት። ፊታቸው ላይ አንዲት ነገር እንኳ ሳይኮማተር ቆየ። ከዚያ ጠርሙሱን ቀስ ብለው አስቀመጡና እንጨት ቁልሉ ላይ ቁጭ አሉ።

«ምንም አይሸትዎትም እንዴ?» አለ አናጺው።

«መጀመሪያ የክፍሉን በር ዝጋው።»

ዘጋው።

«ክረምት ላይ የያዘኝ ጉንፋን ነው» አሉ። «እሱ ሲሄድ ይዞት ሄደ። ሳሙናም ያው፣ ሽንኩርትም ያው ሆነብኝ። ያን ቀን ማን ተኝቶ ነበር? ሳሎን ቁጭ ብዬ ካልሲ እየጠገንኩ ነበር።»

«ታዲያ ተኛሁ ብለው ለምን…»

«ምን ልበል? አይሸተኝም ብል በዚያው ቀን ፍራሼን ጭነው አምጥተውኝ ነበር።»

አናጺው ሣጥኑን ተደግፎ ቆመ። ቀኑን ሙሉ የተባባሉት ሁሉ አንድ በአንድ መጣለት። «እና ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅ… ሣር ነው፣ አልፎበታል የሚሉኝ…»

«ልጄን ብጠይቃት 'ይጣፍጣል እማዬ' ነው የምትለኝ። ጨው ብጨምርበትም ይጣፍጣል፤ አንጀቷ አይችልም። አንተ ግን፣ ተመስገን ነው፣ ካገባሃት ጀምሮ አንድ ቀን 'ልክ ነዎት' ብለኸኝ አታውቅም። ሣር ነው ስልህ ሣር አለመሆኑን ትነግረኛለህ፤ አልፎበታል ስልህ ምን እንደቀረው ትነግረኛለህ። ነገረኛ ሰው ደግሞ ለመርታት ሲል አጥብቆ ያሸታል።»

አናጺው መሰደቡን ይሁን መመስገኑን ሊለይ አልቻለም።

«ትነግራታለህ?» አሉ አማቱ፤ ድምፃቸው ቀጠነ።

«ካልተጠየቅሁ አልናገርም። ግን ያ የጋዝ ምድጃ ከቤትዎ ይወጣል። በኤሌክትሪክ ይሆናል። ጋዙ ቢያፈስስ በምን ያውቃሉ?»

«ኤሌክትሪክ ደግሞ እሳት ነው? መብራት ነው እንጂ።»

«እማማ!»

«እሺ በቃ፣ ይውጣልህ። ልብ አውልቅ!»

ቲነሩ ወደ ውጭ ተወሰደ፤ እውነተኛው ጠርሙስ ከጥላው መጣ። አናጺው ሳህኑን ከፍቶ አሸተተ።

«ጥሩ ነው» አለ በለስላሳ ድምፅ።

«ጥሩ ማለት?»

«በቃ… ጥሩ ነው። ደስ ይላል።»

አማቱ ትኩር ብለው አዩት። «አዘንክልኝ አይደል?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«አዝነህልኛል! ወዲያው አፍንጫህ ዶለዶመ! እንዲህ ከሆንክማ ልጄ በምን አነሰችኝ?» ተነሡ፤ ወገባቸውንም ያዙ። «ስማ፣ ይሄ ነገር ጎመን ሆኗል። ባንተ ወሬ ሰዓቱ አለፈ።»

«የምን ጎመን?»

«የተቀቀለ ጎመን!»

አናጺው ሳያስበው ጠርሙሱን አነሣ፤ አፍንጫውን በጠርሙሱ አፍ ከተተው። «ጎመን የሚባል ነገር የለውም! የሎሚ ልጣጩ ጠፍቷል፤ ጽጌረዳው ሞልቶ መጥቷል፤ ከጫፉ ላይ እንደ ማር ያለ ነገር ጀምሮታል። አሁን ነው፣ እማማ! ያጥልሉት፣ ትንሽ ከቆየ ይሻክራል!»

ተናግሮ ሳይጨርስ አማቱ ጠርሙሱን ቀምተው በጆጉ ላይ አጋደሉት፤ ቀዩ ውሃ በጨርቁ ውስጥ ወደ ሽሮፑ ይወርድ ጀመር።

የስፌት መኪናው ቆመ። «አሁን ደግሞ ምንድን ነው?»

«ባልሽ ነው!» አሉ እናቷ፤ ፊታቸው በርቷል።

እሑድ ሹፌሩ ሲመጣ ጠረጴዛው በግቢው ጥላ ሥር ተዘርግቶ ነበር። ግዙፍ ሰው ነው፤ ወንበሩ አቃሰተበት። የአውቶቡሱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ጣለና ላቡን ጠረገ። አልኮል በአፉ አይዞርም፤ የሰው ነፍስ ይዞ ለሚነዳ ሰው አይሆንም ባይ ነው። እህቱ በበረዶና በቀዝቃዛ ውሃ የቀጠነ የጽጌረዳ ውሃ በረጅም ብርጭቆ ቀዳችለት። ጠጣ። ብርጭቆውን ዘረጋ፤ ተሞላለት፤ እሱንም ጠጣ።

«ያው ነው» አለ። «ልጅ ሆኜ የጠጣሁት ራሱ ነው። ቅንጣት አልተለወጠም።»

«አላልኩህም?» አለች እህቱ በኩራት። «የምትረሳ ሴት ይሄን ትሠራለች?»

«እሱስ ልክ ነሽ።» ሹፌሩ ግን ወዲያው የሚረታ ሰው አይደለም፤ ወደ አናጺው ዞረ። «አንተ ከትናንት ጀምሮ አብረሃት ነበርክ። እውነቱን ንገረኝ። ምንም ያየህባት ነገር የለም?»

አናጺው ብርጭቆውን አነሣ። ባዶ ነበር፤ እንደዚያም ሆኖ ጠጣ።

«መርሳት? ምንም አልረሱም» አለ።

«መርሳት አላልኩህም። ያየህባት ነገር ነው ያልኩት።»

«ምነው ጆሮህ ቀላ?» አለች ሚስቱ።

«ሞቆኝ ነው።»

«ጥላ ሥር?»

አማትየው አማቻቸውን አዩት። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ ሊያሳጣቸውም ሊዋሽላቸውም አልቻለም። ትንሽ አመነቱና ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ተዉት፣ ይፈነዳባችኋል። መዋሸት አይችልበትም» አሉ። «የረሳሁት ነገር የለም። አይሸተኝም። ከክረምት ጀምሮ አንድም ነገር ሸትቶኝ አያውቅም። ይሄንንም ያሸተተልኝ እሱ ነው።»

ቀድሞ የተናገረው ሹፌሩ ነው።

«ቆይ… ወተቱ ያረረ ቀን ነቅተሽ ነበር?»

«ነቅቼ! ካልሲ እየጠገንኩ። ያንተን ካልሲ!»

«አእምሮሽስ?»

«አእምሮዬማ ልጅ ሆነህ ያጠፋኸውን በሙሉ ይዟል። የጎረቤት ዶሮ ቀለም ከቀባህበት ልጀምርልህ?»

«ኧረ ተይ!» ሹፌሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅስ መሰላቸው፤ እጁን ሲያነሣ ግን ይስቅ ነበር። «መሪ ይዤ ስሄድ የማስበው ይሄንኑ እኮ ነው! አንድ ቀን በር ሳንኳኳ 'ማን ነህ?' ትለኛለች እያልኩ… አፍንጫ ነው? አፍንጫ ብቻ?»

«አፍንጫን ናቅህ?» አለ አናጺው፤ ምላሱ ተፈታለት።

«ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ልጃቸው።

«አንቺ ታለቅሻለሽ።»

«አላለቅስም!» አለች፤ እያለቀሰች።

«ቆይ ቆይ» አለ ሹፌሩ፤ «ይሄን ያሸተተው ይሄ ነው? ቫርኒሽ ሲምግ የሚውለው?»

«አፍንጫህን ላስ!» አለ አናጺው። «ለሁለተኛው ብርጭቆ እጅህን ስትዘረጋ ማን ያሸተተው መስሎህ ነበር? አሁን ይልቅ የምድጃውን ነገር እንጨርስ። ጋዙ ከእማማ ቤት ይወጣል፤ በኤሌክትሪክ ይሆናል።»

«ጋዙ ምን አደረገ? ሲያፈስስ የሚጮህ ዕቃ አለ፣ አይቼዋለሁ። እሱን እንገጥምላታለን።»

«ቢበላሽስ? መሥራቱን በምን ታውቃለህ? አፍንጫ የላቸውም እኮ!»

«ኤሌክትሪኩንም በዚያ ባረጀ ሽቦ ላይ ልትሰካው ነው?»

«አዲስ ሽቦ ይዘረጋል፣ ከቆጣሪው ቀጥታ። በኮርኒሱ በኩል።»

«በኮርኒሱ? አይጥ ይበላዋል! በውጭ ግድግዳ ነው የሚሄደው።»

«ዝናቡስ?» አለች እህቲቱ እንባዋን እየጠረገች። «በውጭ ከሆነ ቱቦ ውስጥ ይግባ።»

«ኮርኒሱ የኔ ሥራ ነው፣ እኔ ነኝ የማውቀው» ብሎ አናጺው ጣቱን ብርጭቆው ውስጥ በረዶው በቀለጠበት ውሃ ነከረና ጠረጴዛው ላይ ቤቱን መሳል ጀመረ። ሹፌሩ በጎን ሌላ መስመር አሰመረበት። የአናጺው ሚስት «ወጥ ቤቱ እኮ በዚህ በኩል ነው!» ብላ ሁለቱንም በመዳፏ ጠረገች። እናታቸው የት ይኑሩ የሚለውን ከሦስቱ ያነሣው አልነበረም።

አማትየው ትንሽ አዳመጧቸው። ከዚያ ነጠላቸውን ከወንበሩ መደገፊያ ላይ አንሥተው አራገፉና ተከናነቡ።

«እኔ በኮርኒስ ነው ያልኩት!»

«እኔ ደግሞ በግድግዳ!»

አማትየው የግቢውን በር ከፍተው ወጡ፤ ከኋላቸው ገርበብ አድርገውም ወደ ቤታቸው መንገዱን ያዙ።