ከበሩ ሥር የታየ ዮርዳኖስ

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን ከመጠመቂያው ገንዳ ጀርባ ዮርዳኖስን እንዲስልለት ሲጠይቀው፣ ሠረቀብርሃን «እሺ» አለ። መተዳደሪያው የሰው ቤት ግድግዳ መቀባት ነው። ሥዕል የተማረው ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ባለችው አሌክሳንድሪያ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚሰጥ ኮርስ ነበር። አስተማሪዋ ወንዙ ዳር ወስዳው፣ «ሰማያዊውን ከብርቱካናማው ጋር አትደባልቀው፤ ይሞትብሃል። ነጥብ ነጥብ አድርገህ ጎን ለጎን አስቀምጠው፤ ከሩቅ ሲያዩት ዓይን ራሱ ያዋሕደዋል» ብላው ነበር።

ዮርዳኖስን አይቶ ስለማያውቅ የፖቶማክን ንጋት ሣለ። አራት ወር ሙሉ፣ ከሥራ መልስ፣ ነጥብ ከነጥብ ጎን ሲያኖር ከረመ። ሕመም የጸናባት እናቱ እሑድ የምትጠመቀው እዚያ ነው። «ልጄ፣ ውሃው ጥቁር አይሁን፤ ጥቁር ውሃ እፈራለሁ» ብላዋለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ዘገዬ መጡ። ገንዳው አፋፍ ላይ ቆመው መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«አንተ ልጅ፣ ዮርዳኖስን ኩፍኝ አስያዝከው እኮ!»

«ጋሼ፣ እሱ...»

«ነገ ስንት እንግዳ አለ! በል ሮለርህን አምጣና አንድ ወጥ ሰማያዊ አድርገው። ሥራህ አይደለም እንዴ?»

«እሺ።»

የግድግዳ መቀቢያ ሮለሩን ከመኪናው አምጥቶ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ነከረ። ከግራው ጥግ ጀምሮ አንድ ጊዜ ወደ ላይ ሳበው። የሦስት ሳምንት ሥራ ጠፋ። በቦታው ጠፍጣፋ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ጭረት ቀረ።

ሮለሩን አስቀመጠ። ከፊተኛው ረድፍ የሽማግሌውን ወንበር አነሣ፤ አዳራሹን አቋርጦ በሩ ሥር አኖረው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ጋሼ፣ እባክዎ እዚህ ይቀመጡ።»

«እኔ ኋላ ተቀምጬ አላውቅም።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

ጋሽ ዘገዬ እያጉረመረሙ መጥተው ተቀመጡ። ቀና ሲሉ ነጥቦቹ የሉም። ብርቱካናማውና ሰማያዊው ተያይዘው ብርሃን ሆነዋል፤ ውሃው ይሄዳል። በጣታቸው ወደ ግራው ጥግ አመለከቱ።

«ያቺን ጥግ መልሰህ ትሞላታለህ?»

«ለነገ አትደርስም።»

እሑድ እናቱ ነጭ ለብሳ ገባች። በሩ ሥር፣ ወንበሩን ተደግፋ ትንፋሿን ሰበሰበችና ግድግዳውን አየች።

«ነግቷል» አለች። ከዚያ ወደ ገንዳው ሄደች።

ጋሽ ዘገዬ ሥርዓቱ እስኪያልቅ ድረስ አልተቀመጡም። በግራው ጥግ፣ ጭረቷን በጀርባቸው ከልለው ቆሙ።